የሆቴል ቁጥር ሦስት እንግዳ

ወለጋን አይተው የማያውቁ ወዳጆቼ «እንዴት ነበር?» እያሉ ሲያደርቁኝ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስንቴ ላውራ? ይኸው ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳይጠይቀኝ። የአንዲቱን ከተማ ስም ግን አልጽፍም። ረስቼው አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የመጣው ከአለቃዬ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና መባል ከጀመረች ወዲህ መሥሪያ ቤታችን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አለቃዬ ውጭ አገር ደርሰው ሲመለሱ የታላላቅ ከተሞች ፎቶግራፍ የሞላበት መጽሔት ይዘው መጡና «የእኛ ከተሞች ከዓለም ከተሞች ተርታ የማይገቡት ምን አንሷቸው ነው?» አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሃያ አራት ጥያቄ ያለበት ፎርም አወጣ፤ መብራት፣ የአደባባይ ሰዓት፣ የሕዝብ መናፈሻ፣ ምኑ ቅጡ። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን «ሆቴል አለ ወይ?» የሚለው ነው። ሆቴል የሌለው ቦታ መንደር ነው፣ የቀሩት ሃያ ሦስት ጥያቄዎች አይነበቡለትም። ከፎርሙ ጀርባ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ሆቴል ማለት ለማያውቀው መንገደኛ በዋጋ አልጋ የሚያከራይ ቤት ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ማስረጃውም ባለቤቱ የፈረመበት የአዳር ደረሰኝ ነው። ከተማ ተብሎ የተመዘገበ በሚቀጥለው ዓመት ቧንቧ ውሃ ከሚገባላቸው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። መንደር የተባለ ምንጩን ይዞ ይቀመጣል።

እኔ ያኔ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። ከእኔ በፊት በወንበሬ ላይ የነበረው ሰው ያልረገጠውን ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞልቶ ስላመጣ ነው የተባረረው። አለቃዬ የወለጋን ፎርሞች ሲሰጡኝ «አቶ ገዛኸኝ፣ ያላየኸውን አትጻፍ፤ ያየኸውን አትተው» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ አዲስ ጫማ ገዝቼ ተነሣሁ። ለወለጋ መንገድ አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው ምን ይባላል እንግዲህ?

ሰኞ። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የወጣው ገና ሳይነጋ ነው። እስከ አምቦ ድረስ መንገዱ ደህና ነበር፤ እኔም እግሬን ዘርግቼ እንደ ትልቅ ሰው መስኮት አየሁ። አምቦን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ግን ከኋላ የተቀመጥን ሁሉ አንዳችን የሌላችን ጭን ላይ እየተቀመጥን ይቅርታ መባባል ጀመርን። ጌዶ አጠገብ ጎማ ተነፈሰ። ሁለተኛው ጎማ ደግሞ የተነፈሰው የመጀመሪያው ተጠግኖ ሳያልቅ ነው፣ ቆመን እያየነው! ሻንጣዬ ጣራ ላይ ነበርና ዝናብ ሲመጣ የተተኮሰው ሸሚዜ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ባኮ ስንደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር የገባሁ አስመሰለኝ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት፣ ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ አንዲት ደግ ሴት፣ ሸሚዜን ከምድጃዋ በላይ አስጥታ አደረቀችልኝ። እስከ ዛሬ ጭስ ጭስ ይላል።

ማክሰኞ። ነቀምቴ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጡ መጀመሪያ የሚገርማችሁ አረንጓዴነቱ ነው፤ በየአጥሩ ማንጎ፣ በየጓሮው ቡና። ቤቱ ቆርቆሮ፣ መንገዱ ቀይ ጭቃ፣ ሰው ሁሉ ለሰላምታ የሚቆም። እኛ አዲስ አበባ ሠራተኛ ሰፈር «ደህና ዋልክ» ብለን ሳንቆም እናልፋለን። እዚያ «አካም ኦልተ?» ይባላል፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ ተጠያይቆ ካላለቀ መራመድ የለም። እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ሆቴሉ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው እኮ የለም።

ገና ሻንጣዬን ሳልቀበል አንድ ኮት የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ኦቦ ቶለራ እባላለሁ፣ የከተማችን ጸሐፊ ነኝ» አለና ያቺን ስሟን የማልጽፈውን ከተማ ጠራልኝ፤ ከዴዴሳ ወንዝ ማዶ ናት። የፎርሙን ሰው ሲጠብቅ አራት ቀን ሙሉ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አልተነሣም። «አራት ቀን? ለምን?» ስለው «ሳናገኝዎ ሌላ ከተማ እንዳይሄዱብን» አለ።

የሚፈልገውን ነገር አላድበሰበሰም። የከተማቸው ምንጭ ከገደል ሥር ነው። ሚስቱ አዴ ድንቄ፣ አዴ እንደ ወይዘሮ ነው፣ ባለፈው ክረምት እንስራ አዝላ ስትወጣ አንሸራትቷት ወደቀች፤ እግሯ ተሰበረ። ተጠግኗል፤ ግን ጠምሞ ነው የገጠመው። «አሁንም በዚያው እግር ትወርዳለች። ውሃ ሌላ የት አለ? እኔ ልቅዳ ስል እናቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ፤ እሷም ከለከለችኝ። ቧንቧ ካልገባልን ዘንድሮም ክረምት ይመጣል፣ አቶ ገዛኸኝ» አለኝ። ድምፁ አልተለወጠም። እኔ የመንግሥት ሰው ነኝና «ፎርሙ ያለውን እናያለን» አልኩ።

ረቡዕ። የነቀምቴን ፎርም ለመሙላት ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። «የአደባባይ ሰዓት አለ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ጸሐፊው «የሚስዮኑ ደወል አለ» አለኝ። «ደወል ሰዓት አይደለም።» «ከሰዓት ይሻላል እንጂ! ሰዓት ለማየት መሄድ ያስፈልጋል፤ ደወሉ ራሱ ይመጣልሃል።» የለም ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም እስክወጣ ድረስ እንዳኮረፈ ነበር።

ያረፍኩት ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ በከረሙት በአቶ ሽኩር ሆቴል ነው። ሰባት ክፍል፣ በየበሩ ቁጥር፣ ደረሰኝ ከነማኅተሙ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ምሳ ላይ ስለ አለቃዬ መጽሔት ነገርኳቸው። «ትልቅ ከተማ የሚያሰኘው ምንድን ነው ይላሉ እርስዎ?» ብላቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው አልጋ ነው። እዚህ መጥቼ አልጋ አከራያለሁ ስል አገሬው አፉን ይዞ ሳቀብኝ። በመጀመሪያው ዓመት ያደሩልኝ የእኔው አገር ነጋዴዎችና ሾፌሮች ናቸው። የቀረው የፈለገው ሰው ቤት ይገባል፣ ያድራል፣ ተመርቆ ይሄዳል። ማን ይከፍለኛል? ከተማው ትልቅ ሲሆን ሰው ሰውን ማወቅ ተወና እኔ እንጀራ በላሁ» አሉኝ።

ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሰማሁት። ማስተዋል ቢኖረኝ ኖሮ ጨዋታውን እዚያው ጨብጬ የቶለራን ፊት አይ ነበር፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ የበላውም አልጣመውም። እኔ ግን የሹሮው ቃሪያ አቃጥሎኝ ውሃ እየፈለግሁ ነበር።

ሐሙስ። ከቶለራ ጋር በጭነት መኪና ተሳፈርን፤ እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ እሱ ከጨው ጆንያው ላይ። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ከባኮም ባሰ፤ ዝንቡ ደግሞ በሸሚዝ ላይ ይናከሳል። ከድልድዩ ማዶ ሽቅቡ ላይ ጭቃ ዋጠን። ሁላችንም ወርደን ገፋን። ጫማዬ ያን ቀን አዲስነቱን ጨረሰ። ከአንድ ማሳ ውስጥ ሰዎች ሳንጠራቸው መጥተው ገፉልን፤ ሲጨርሱም አመስግነን ሳንጠግብ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አዲስ አበባ ቢሆን «የሻይ» ሳይባል መኪና አይንቀሳቀስም።

ከተማዋ ጋ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ሳር ቤትና ቆርቆሮ ቤት፣ ጥቂት ሱቆች። ሆቴል እዚህ ከየት ይመጣል? ቀና ስል ግን ወይ ጉድ! በየደጃፉ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሆቴል ቁጥር አንድ። ሆቴል ቁጥር ሁለት። እስከ ዘጠኝ! ነቀምቴ እንኳ ይህን ያህል የላትም። «ኦቦ ቶለራ፣ ይኼ ሁሉ መንገደኛ ከየት ይመጣል?» አልኩት። «መንገደኛማ ይመጣል» አለና ሆቴል ቁጥር ሦስት አስገባኝ።

ባለቤቱ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የአዴ ድንቄ አባት። አማርኛው ብዙም አይሆንላቸውም፤ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ቶለራ ይተረጉማል። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «ኬሱማ ኮ» አሉ። የእኔ እንግዳ ማለት ነው። በርጩማ ላይ አስቀምጠው ያን የጭቃ ጫማ ራሳቸው አወለቁልኝ፤ እምቢ ብል ማን ሰምቶኝ! እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ። ውሃው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ አላሰብኩም። ራት አንጮቴ ነበር፤ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈር ነው፣ ተቀቅሎ ተወቅጦ ቅቤ የጠጣ። አዴ ድንቄ እያነከሰች አቀረበችልኝና «ብላ፣ ለአጥንት ይሆናል። እኔንም ያቆመኝ እሱ ነው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ፤ ሦስቱንም በላሁ። የቤቱን አንድ አልጋ ለእኔ ሰጡኝ። ጠዋት ስነሣ ኦቦ ጉተማ ከምድጃው አጠገብ ቁርበት ላይ እንዳደሩ አየሁ፤ እኔም ወይ የዚህ ሆቴል መስተንግዶ ብዬ ተደነቅሁ። ሞኝ ነበርኩ።

ዓርብ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ አይጾሙም። እኔ ግን ዓርብ እንደምጾም ሳልነግራቸው ኦቦ ጉተማ ማለዳ ተነሥተው ከአንድ ኦርቶዶክስ ጎረቤታቸው የኑግ ዘይት ለምነው አምጥተዋል፤ አንጮቴው ያለ ቅቤ ተሠራልኝ። እናቴ ቤት እንኳ እኔ ካላስታወስኩ አይደረግም።

ከቁርስ በኋላ ምንጩን ልይ አልኩ። አዴ ድንቄ እንስራዋን አዝላ ፊት ፊት ወረደች፣ እኔ ከኋላ። ገደል ነው ብያችኋለሁ፤ ገደል ነው። ግማሽ ሳንደርስ እኔ በቂጤ ተንሸራትቼ ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀልኩ። እሷ በዚያ ጠማማ እግሯ ተመልሳ ጎትታ አወጣችኝ። አልሳቀችም። ሞልታ ስትወጣ በየአሥር እርምጃው እየቆመች በግራ እጇ ሣሩን ትይዛለች። ላይ ስንደርስ ላቧን ጠርጋ «ወርደህ አየኸው አይደል? እንግዲህ ጻፈው» አለችኝ።

ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሆቴል ነው፤ ኦቦ ጉተማን «ለአንድ አዳር ስንት ያስከፍላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ቶለራ አልተረጎመም። ደግሜ ጠየቅሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማስከፈል?» አለኝ።

ፎርሙን ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ቀድሞ አንድ የነቀምቴ ማዘጋጃ ቤት ሰው ፎርሙን ባሳየው ጊዜ እሱ በእጁ ጽፎ የወሰደው የፊቱን ገጽ ብቻ ኖሯል። «እኔኮ ሆቴል ማለት የማታውቀው እንግዳ የሚያድርበት ቤት መስሎኝ! እንደዚያ ከሆነ ከተማው በሙሉ ሆቴል ነው ብዬ ነው። ዘጠኝ ላይ የቆምኩት ቀለሙ አልቆብኝ እንጂ…»

መጀመሪያ ተናደድኩ። «አታለላችሁኝ!» አልኩ። «የት ላይ?» አለኝ፤ «አላደሩም? አልበሉም?» አታለሉኝ እንዳልል እውነት ነው፤ ሆቴል አለ ብዬ እንዳልጽፍ ደረሰኝ የለም። የተባረረው ሰውዬ ደግሞ በዐይኔ ላይ መጣ። «አንድ ቤት ይበቃል፣ አንድ ሰው ዋጋ ተቀብሎ ይፈርምልኝ። ካልሆነ መንደር ብዬ ነው የምጽፈው» አልኩ።

ጥያቄው በመጨረሻ ሲተረጎምላቸው ኦቦ ጉተማ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ምን በደልኩህ?» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ቶለራ ሆቴል ቁጥር አንድ ሄደ፤ ሁለት፣ አራት፣ አምስት ሄደ። ስምንቱም ቤት እምቢ አሉ። አንዷ ሰሌዳውን ነቅላ አስታቀፈችው። ያደርኩት በጉተማ ቤት ነውና ሌላው ቢፈርምም ሐሰት እንደሚሆን እኔም አውቅ ነበር፤ ግን አልከለከልኩትም። ሲመሽ ኦቦ ጉተማ በትራቸውን ደጃፍ ላይ አቁመው «ነገ እሸኝሃለሁ» አሉኝ። እዚያ አገር እንግዳ ሲሄድ ባለቤቱ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ድረስ አብሮ ሄዶ ነው የሚመርቀው። እኔ ዋጋ በጠየቅኳቸው በዚያው ቀን!

ቅዳሜ። መኪናው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። ፎርሙ ባዶ ነው። ቶለራ አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት ያያል፤ ልመና እንኳ አልለመነኝም። ቢለምነኝ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። አዴ ድንቄ በዚህ መሀል ከቤቷ ወጣች፣ እንስራዋን አዘለች፣ ማናችንንም ሳታይ ወደ ቁልቁለቱ አነከሰች። ኦቦ ጉተማ ከደጃፋቸው ሆነው ጀርባዋን አዩ። ከዐይናቸው እስክትሰወር አዩ።

ከዚያ ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። አንድ እጃቸውን ነው የዘረጉት። «ስጠኝ» አሉ።

የሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቶለራ የቀለሙን ጠርሙስ ያዘላቸው፣ አውራ ጣታቸውን ነክረው እኔ በጻፍኩት ደረሰኝ ላይ አሳረፉ።

«አሁን ሆቴል ሆንኩ?»

«ሆኑ፣ አባባ።»

«እንግዲያው መንገደኛ ነህ። ሂድ» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። በትሩ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። መሻገሪያውን ብቻዬን በመኪና አለፍኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ሾፌሩን አፈርኩትና ዝንብ ዐይኔ ገባ አልኩ።

እሑድና ሰኞ ስለ መመለሻው የምጽፈው የለኝም። ነቀምቴ፣ ባኮ፣ ጎማ፣ ዝናብ። አቶ ሽኩር «ምነው ፊትህ?» ቢሉኝ ሆዴ ነው አልኩ።

አለቃዬ ፎርሙን አገላብጠው ደረሰኙ ላይ ያለውን የጣት አሻራ ሲያዩ ደስ አላቸው። «አየህ! እዚያ ድረስ ሥልጣኔ ገብቷል ማለት ነው» አሉኝ። ከተማዋ ተመዘገበች። እኔም ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ደመወዜ ሲጨመር ግን እንደ ሌላው ሰው ጓደኞቼን አልጋበዝኩም፣ አልሆነልኝም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ የወለጋ ሾፌር መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ። ከቶለራ ነው። ውስጡ ደብዳቤ አለ። ቧንቧው በግንቦት ገባ፣ ቦኖው ከሱቆቹ ፊት ለፊት ነው ይላል። አዴ ድንቄ የመጀመሪያ ቀን እንስራዋን ሞልታ ደፋችው፤ እንደገና ሞልታ እንደገና ደፋችው፤ ሴቶቹ አበደች ብለው ሲሳሳቁ ዋሉ። ስምንቱ ሰሌዳዎች ድሮ ነው የወረዱት። የቁጥር ሦስትን ግን ኦቦ ጉተማ ውሃው እስኪገባ ድረስ አላስነካም ብለው ኖረው፣ በገባ ማግሥት በገዛ እጃቸው ነቅለው ለዶሮ ቤት መዝጊያ አደረጉት።

እንግዲህ በፎርሙ ጀርባ ሕግ ከሆነ ያቺ ከተማ ዛሬ ሆቴል የላትም፤ መንደር ናት ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ አለቃዬም ሊያነቡት ይችላሉ፤ ስሟን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ፈልጋችሁ አታገኟትም።

የጨርቁን ጫፍ ስፈታ ሽልንጌ ወደቀች። ቶለራ ከደብዳቤው ግርጌ የሽማግሌውን ቃል እንዳለ ጽፎታል፤ «ለኬሱማ ኮ ንገርልኝ፤ ሆቴሉ ተዘግቷል። ገንዘብህን ውሰድ። አሁን ና፣ እደር።»

ለጥር ፈቃድ ጠይቄያለሁ።